ቃል በጨዋታ፦ ኮሜንስኪና የሻሮሽፓታክ ትምህርት ቤት

ዘመኑ 1654 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ ሀንጋሪ፣ በቦድሮግ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሻሮሽፓታክ ከተማ የላቲን ትምህርት ቤት ልጆች በተመልካች ፊት ቀረቡ። አንደኛው ልጅ ንጉሥ በጥሊሞስን ሆኖ በዙፋን ተቀምጧል። ፕላቶን፣ ኤራቶስቴኔስን፣ አፖሎኒዮስንና ፕሊኒዩስን የሚጫወቱት ደግሞ በአማካሪነት ከጎኑ ቆመዋል። ንጉሡ በዓለም ያለውን ነገር ሁሉ ከነትክክለኛ ስሙ አጥርቶ ለማወቅ ይሻልና ስለ እያንዳንዱ ነገር የሚያስረዱ ሰዎች በየተራ እየተጠሩ ይገባሉ። አንዱ ስለ እሳትና ስለ ውሃ፣ ሌላው ስለ ዕፀዋት፣ ሌላው ስለ አራዊት ይናገራል። ሊመጣ የሚችለው ነገር ራሱ ይመጣል፤ ሊመጣ የማይችለው በሥዕል ይታያል። ልጁ ዕቃውን በእጁ ይዞ፣ ወይም በጣቱ እያመለከተ፣ ስሙንና ጠባዩን በላቲን ቋንቋ ይገልጻል።

ለተመልካቹ ይህ ቴያትር ነበር። ለመምህሩ ግን ከቴያትር ይልቅ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጆቹ በመማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ አንድ ጊዜ ያነበቧቸውን በሺህ የሚቆጠሩ አዳዲስ ቃላት በአፋቸው፣ በእጃቸውና በእግራቸው የሚከልሱበት የቃላት ልምምድ ነበር። ስምንት ክፍል ያለው ይህ የተውኔት ስብስብ «ስኮላ ሉዱስ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ትምህርት ቤት ጨዋታ ነው» እንደ ማለት ነው። ደራሲው የሞራቪያ ተወላጅ የሆነው ያን አሞስ ኮሜንስኪ ሲሆን በላቲን ስሙ ኮሜኒዩስ ተብሎ በመላው አውሮፓ ይታወቃል። እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ልብ ማለት ይገባል። «ሉዱስ» የሚለው የላቲን ቃል ጥንት በሮማውያን ዘንድ ጨዋታንም፣ የሕፃናት ትምህርት ቤትንም ያመለክት ነበር። ሁለቱን ትርጉሞች ያለያያቸው ቋንቋው ሳይሆን አለንጋው ነው።

ኮሜንስኪ አለንጋውን በሚገባ ያውቀዋል። መጋቢት 28 ቀን 1592 ተወለደ፤ በ12 ዓመቱ ገደማ ወላጆቹን በሞት አጣ፤ ርስቱም ትምህርቱም በአሳዳጊዎቹ ቸልተኝነት ባከነ። የላቲንን ትምህርት በፕርዤሮቭ ከተማ የጀመረው 16 ዓመት ሲሞላው ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ ከእርሱ በብዙ ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ወንበር ተጋርቶ፣ ትርጉማቸውን ያልተረዳቸውን የሰዋስው ሕጎች በቃሉ እንዲይዝ ተገደደ። በዕድሜ መብሰሉ ግን አንድ ጥቅም አስገኘለት፤ ሕፃን የሆነ ተማሪ የሚደርስበትን መከራ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፣ የጎለመሰው ተማሪ ግን መከራው ከትምህርቱ ሳይሆን ከአስተማማሩ የመጣ መሆኑን ይመረምራል። በኋላ ዘመን የላቲን ትምህርት ቤቶችን የሕፃናት አእምሮ እንደሚታረድበት ቄራ አድርጎ እስከ መግለጽ ያደረሰው ይህ ትዝታ ነው።

የዘመኑ የላቲን ትምህርት እንዴት ያለ ነበር? ላቲን የቤተ ክርስቲያን፣ የሕግ፣ የሕክምናና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ በመሆኑ ያለ እርሱ ወደ ላይ የሚያወጣ መሰላል አልነበረም። ልጁ በመጀመሪያ የሰዋስውን ሕግ ይይዛል፤ ሕጉ የተጻፈውም ሊማረው በሚፈልገው፣ ገና በማያውቀው በላቲን ቋንቋ ነው። ቀጥሎ የጥንት ደራስያንን ይሸመድዳል። ስለ ሮማ የጦር ሠራዊት አሰላለፍ የሚያነበንበው ልጅ እናቱ በየቀኑ የምትይዘውን ማሰሮ በላቲን ምን ብሎ እንደሚጠራ ላያውቅ ይችላል። ቃሉና ነገሩ ተለያይተው ነበር። ለኮሜንስኪ የዘመኑ ትምህርት በሽታ ይህ መለያየት ነው።

በ1620 በነጭ ተራራ ጦርነት የቦሄሚያ ፕሮቴስታንቶች ከተሸነፉ በኋላ ኮሜንስኪ ለዓመታት በየቦታው ሲሸሸግ ቆየ፤ የመጀመሪያ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ወረርሽኝ ነጠቀው። በ1628 አገሩን ለቅቆ በፖላንድ ወደምትገኘው ሌሽኖ ተሰደደ፤ በዚያም መምህር ሆነ። በ1631 ያሳተመው «የተከፈተው የቋንቋዎች በር» የተባለው መጽሐፍ ነው ስሙን ያስጠራው። መጽሐፉ 100 ምዕራፎችና 1,000 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። በነዚህ ውስጥ 8,000 ያህል ቃላት ተሰድረዋል፤ ከዓለም አፈጣጠር ጀምሮ ስለ እንስሳት፣ ስለ ሰው አካል፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ሽመና፣ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ሌላውም ሁሉ ይናገራሉ። ነጋዴ የዕቃ መዝገብ እንደሚይዝ ኮሜንስኪ የዓለምን መዝገብ ለልጆች አዘጋጀ ማለት ይቻላል። መጽሐፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ።

ይሁን እንጂ ሥራው አንድ ጉድለት ነበረው፤ ጉድለቱም ከጥበቡ የመነጨ ነው። ደራሲው እያንዳንዱን ቃል፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ አንድ ጊዜ ብቻ በተገቢ ትርጉሙ እንዲገባ አድርጎ ነበር። ይህ ለመዝገብ ያምራል፤ ለልጅ ግን አይሆንም። አንድ ጊዜ የተሰማ ቃል እንደ መንገደኛ ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ኮሜንስኪ በ1633 «ቬስቲቡሉም» የተባለ፣ እንደ ደጀ ሰላም ከበሩ በፊት የሚገኝ፣ 1,000 ያህል ቃላት ብቻ የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ቢጨምርም ችግሩ አልተፈታም። ቃላቱን ደጋግሞ ማንሣት የግድ ሆነ፤ ነገር ግን መደጋገሙ በቀድሞው መንገድ በንባብና በዱላ ከሆነ ልጁ ወደዚያው ቄራ ተመለሰ ማለት ነው።

መፍትሔውን በመጀመሪያ ያሰበው ኮሜንስኪ ራሱ አልነበረም። በሌሽኖ የሥራ ባልደረባው የነበረው ሴባስቲያን ማጼር የተባለ መምህር የ«በሩን» አንዳንድ ክፍሎች ልጆች እየተቀባበሉ በሚናገሩት ንግግር መልክ ለውጦ ነበር። ኮሜንስኪም በበኩሉ በ1640 ስለ ፈላስፋው ዲዮጋን፣ በ1641 ስለ አበ ብዙኀን አብርሃም የደረሳቸውን ተውኔቶች የሌሽኖ ተማሪዎች ተጫውተዋቸዋል። ሐሳቡ እዚያ ተዘራ፤ ያፈራው ግን ሌላ ቦታ ነው።

በ1650 የትራንሲልቫኒያው መስፍን ባለቤት የነበሩት ልዕልት ዡዣና ሎራንትፊና ልጃቸው ዢግሞንድ ራኮጺ የሻሮሽፓታክን ትምህርት ቤት እንዲያሻሽል ኮሜንስኪን ጋበዙት። እርሱ ሰባት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ነደፈ፤ በተግባር የተከፈቱት ግን የታችኞቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ተማሪው በደጀ ሰላሙ ገብቶ፣ በሩን አልፎ፣ እስከ አዳራሹ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሕንፃ በወረቀት ላይ ቀረ። ዋና ደጋፊው ዢግሞንድ በ1652 ሞተ። መምህራኑ አዲሱን ዘዴ በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም። ልጆቹም ቢሆኑ፣ ብዙዎቹ፣ ለትምህርት የነበራቸው ፍላጎት እጅግ የቀዘቀዘ ነበር።

ልጆቹን በተውኔት ለማነቃቃት ኮሜንስኪ ሐሳብ ሲያቀርብ የትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊዎች አልፈቀዱም። ምክንያታቸው ተውኔት የኢየሱሳውያን ሥራ ነው፣ ለፕሮቴስታንት ትምህርት ቤት አይገባም የሚል ነበር። በእርግጥም የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቶች በተማሪዎቻቸው ተውኔት የታወቁ ነበሩ። ነገር ግን አንድን መልካም መሣሪያ ተቀናቃኝ ስለተጠቀመበት ብቻ መጣል የኃላፊነት ጥንቃቄ ሳይሆን የአስተሳሰብ ድህነት ነው፤ ይህም በሻሮሽፓታክ ብቻ የታየ በሽታ አይደለም። ፈቃዱ የተገኘው መምህሩ ለመሄድ ሲቃረብ ነው። ሲገኝ ግን ውጤቱ ወዲያውኑ ታየ፤ ለወራት አንገታቸውን ደፍተው የነበሩ ልጆች ድርሻቸውን ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ጀመር፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ለማየት መጡ።

የአሠራሩን ምሥጢር ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ተውኔቶቹ ሴራ የላቸውም፤ ፍቅርና በቀል አይገኝባቸውም፤ እንደ ድርሰት ሲመዘኑ ደረቆች ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከተፈጥሮና ከሰው አካል ተነሥተው በእጅ ጥበብ፣ በትምህርት ቤት ኑሮ፣ በቤተሰብና በከተማ አልፈው እስከ መንግሥት አስተዳደር ይዘልቃሉ። የአንድ ልጅ ድርሻ አጭር ነው። ነገር ግን ልጁ ያንን አጭር ድርሻ ለመያዝ በቤቱ ይለማመደዋል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይደጋግመዋል፣ በመድረክ ላይ ይናገረዋል። የራሱን ቃላት በመናገር፣ የጓደኞቹን ደግሞ ተራውን እየጠበቀ በመስማት ይማራል፤ ጓደኛው ሲሳሳት የሚያርመው ሳይቀር ከጎኑ የቆመው ልጅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሉ ከነገሩ ጋር ይመጣል። አንጥረኛውን የሚጫወተው ልጅ «መዶሻ» የሚለውን የላቲን ቃል የሚናገረው መዶሻ ጨብጦ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉ ሲጠራ የእንጨቱ ልስላሴና የብረቱ ክብደት አብረው ይታወሱታል።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ጨዋታ ከሜዳ የሚወጣ ልጅ የለም። ሰነፍ የተባለውም ቢሆን የሚይዘው ዕቃ፣ የሚናገረው ቃል ይሰጠዋል፤ እርሱ ካልተናገረ ጨዋታው ይቆማል። በኋላ ዘመን የተለመዱት ብዙዎቹ የክፍል ጨዋታዎች የሚጎድላቸው ይህ ነው። ቃሉን ፈጥኖ ያልጠራ ልጅ «ወጣ» ተብሎ በሚቀመጥበት ጨዋታ ደጋግሞ የሚናገረው ቃሉን ቀድሞም የሚያውቀው ልጅ ነው፤ ልምምዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ተቀምጦ ያያል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ክፍሉን ሲያስቅና ሲያስጨበጭብ ቢውል እንኳ የቃል ሀብትን ከድሀ ነጥቆ ለባለጸጋ የሚሰጥ ነው።

ይህ ማለት ኮሜንስኪ የጨዋታን ኃይል የፈለሰፈ የመጀመሪያው ሰው ነው ማለት አይደለም። ልጆች መምህር ሳይኖራቸውም ቃልን በጨዋታ ሲያጠነክሩ ኖረዋል። በኢትዮጵያ በየመንደሩ ማታ በእሳት ዙሪያ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልሰው ልጅ ነገርን በስሙ ሳይሆን በመልኩና በጠባዩ መፈለግን ይለማመዳል፤ መልሱ ሲጠፋው አገር ሰጥቶ ይገላገላል፤ በዚያውም የአገር ስም ያጠናል። በቄስ ትምህርት ቤትም ሕፃኑ ፊደልን በተራ ከዘለቀ በኋላ በአቡጊዳ ተራው ተዛብቶ ይቀርብለታል። ይህም በዜማው ብቻ እየተመራ ያነበበው ልጅ ፊደሉን በእርግጥ መለየቱን ለማወቅ የተዘጋጀ ጥበበኛ ፈተና ነው። ኮሜንስኪ የጨመረው ጨዋታውን ከእሳቱ ዳር አንሥቶ፣ በዕቅድና በሥርዓት፣ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ማሳረፉን ነው።

በሻሮሽፓታክ የጀመረው ሌላው ሥራ ከተውኔቱ ይበልጥ ዘመን ተሻገረ። ይኸውም በሥዕል የተደገፈው የቃላት መጽሐፍ ነው። በዚያች ከተማ ሥዕሎቹን በእንጨት ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ በመታጣቱ ረቂቁ ወደ ኑረምበርግ ተላከ፤ «በስሜት ሕዋሳት የሚታወቀው ዓለም በሥዕል» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ በ1658 በላቲንና በጀርመንኛ ታተመ። በየምዕራፉ ራስ ሥዕል አለ፤ በሥዕሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ያው ቁጥር በሥሩ ካለው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ልጁ ማንበብ ሲጀምር የሚያደርገው ነገር ፍለጋ ነው፤ ቁጥሩን ከሥዕሉ ወደ ቃሉ፣ ከቃሉ ወደ ሥዕሉ ያሳድዳል። በመጽሐፉ መግቢያ ያለው የፊደል ገበታም የድምፅ ጨዋታ ነው፤ ቁራ፣ በግ፣ ዝይ፣ ተኩላ፣ የሚያለቅስ ሕፃንና የሚነፍስ ነፋስ ሳይቀሩ እያንዳንዳቸው ለአንድ ፊደል ድምፃቸውን ይሰጣሉ። ከታተመ አንድ ዓመት ሳያልፍ፣ በ1659፣ በእንግሊዝኛ ወጣ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ ከመቶ ዓመት በኋላ በልጅነቱ ይህንኑ መጽሐፍ ማየቱን በሕይወት ታሪኩ ጽፏል።

በዚያው ዘመን፣ ኮሜንስኪ በሻሮሽፓታክ ሲደክም ሳለ፣ ከሀንጋሪ ራቅ ብላ በምትገኘው በጀርመኗ ጎታ አንድ ኢትዮጵያዊ የቃላት ሥራ ላይ ነበሩ። የጎታው መስፍን ኤርንስት ትምህርት ቤቶቻቸውን ከኮሜንስኪና ከእርሱ በፊት ከነበረው ከራትከ ሐሳብ በመነጨ ደንብ ያደራጁ ሰው ናቸው፤ ደንቡን በ1642 ያዘጋጀው መምህሩ አንድሬያስ ራየር ነው። በ1652 የእነዚሁ መስፍን እንግዳ ሆነው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ለወራት የተቀመጡት አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ ናቸው። የአማራ ተወላጅ ሲሆኑ የኢየሱሳውያን ሚሲዮን ከኢትዮጵያ በተባረረበት ዘመን አገራቸውን ለቀው ሮም ገብተው ነበር። ወጣቱ የቋንቋ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 በዚያው በሮም ፈልጎ አገኛቸው፤ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበርና ቃሉን ከሕያው አንደበት ለመስማት እጅግ ይጓጓ ነበር። በጎታ በጥያቄና በመልስ የተሰበሰበው የአማርኛ ቃል ለሉዶልፍ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት መሠረት ሆኖ በ1698 ታትሟል። የላቲኑ «ሉዱስ» ጨዋታንና ትምህርት ቤትን እንዳስተባበረ ሁሉ፣ በአማርኛም «ጨዋታ» የልጆች ቡረቃ ብቻ ሳይሆን የአዋቂዎች ወግ ጭምር ነው። ያ መዝገበ ቃላት በዚህኛው ትርጉም የጨዋታ ልጅ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን አላዩትም፤ በ1658፣ የኮሜንስኪ የሥዕል መጽሐፍ በወጣበት ዓመት፣ ወደ አገራቸው አቅጣጫ ሲመለሱ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

ኮሜንስኪም ከመከራ አልዳነም። በ1654 ሻሮሽፓታክን ለቅቆ ወደ ሌሽኖ ተመለሰ። በዓመቱ የስዊድን ሠራዊት ፖላንድን ሲወር፣ የሃይማኖት ወገኖቼን ነጻ ያወጣል ብሎ ተስፋ በማድረግ የስዊድንን ንጉሥ የሚያወድስ ጽሑፍ አወጣ። ስደተኛን ላስጠጋች አገር ይህ መራራ ምላሽ ነበር፤ ስሙን የሚያከብሩ ጸሐፊዎች ይህን ጉዳይ በፍጥነት ማለፍ ይወዳሉ። በሚያዝያ 1656 ሌሽኖ ተቃጠለች። ቤቱ፣ መጻሕፍቱና የእጅ ጽሑፎቹ ሁሉ ጠፉ ማለት ይቻላል። ከጠፉት አንዱ ከ1612 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የደከመበት የቼክ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ነው። ይህንን ጥፋት እስትንፋሱ እስክትወጣ ድረስ እንደሚያዝንበት ተናግሯል። የዓለምን ልጆች የላቲን ቃል ለማስተማር ሲል በጨዋታም በሥዕልም የደከመው ሰው የእናቱን ቋንቋ ቃላት በእሳት አጣ።

በሻሮሽፓታክ ያስጫወታቸው ተውኔቶች በዚያው በ1656 በዚያችው ከተማ ስለታተሙ ተረፉ። ኮሜንስኪ ወደ አምስተርዳም ተሰደደ፤ በ1657 የትምህርት ሥራዎቹ በአንድነት ታተሙለት፤ ኅዳር 15 ቀን 1670 ዐረፈና በናርደን ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ ጨዋታ በትምህርት ቤት ውስጥ የነበረው ዕድል ቀጥ ያለ አልሆነም። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል በ1840 «ኪንደርጋርተን» የሚል ስም የሰጠውን የሕፃናት መዋያ የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 ከልክሎ እስከ 1860 ድረስ አግዶታል። ኮሜንስኪን የተከራከሩት ኃላፊዎች ተውኔት የኢየሱሳውያን ነው ብለው ነበር፤ የፕሩሲያ ሹማምንት ደግሞ የሕፃናቱ ኳስና ኩብ የአምላክ የለሾችና የሶሻሊስቶች ነው አሉ። ክሱ እንደ ዘመኑ ስም ይለውጣል እንጂ የጨዋታ ፍርሃቱ አንድ ነው።

የ1658ቱን መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው ስለ ዳቦ ጋጋሪ፣ ስለ ሸማኔ፣ ስለ መጻሕፍት አታሚና ስለ ትምህርት ቤት ከሚናገሩት ገጾች ሌላ ስለ ልጆች ጨዋታ ብቻ የተዘጋጀ ምዕራፍ ያገኛል። በሥዕሉ ላይ አንዱ ልጅ እሽክርክሪት በጅራፍ ያሾራል፤ አንዱ በረጃጅም እንጨቶች ላይ ቆሞ ይራመዳል፤ አንዱ በኳስ የቆሙ እንጨቶችን ይጥላል፤ አንዱ ዥዋዥዌ ላይ ነው። እንደ ሌሎቹ ገጾች ሁሉ በየጨዋታው ላይ ቁጥር አለ፤ ከሥሩም የላቲኑ ቃል፣ ከጎኑም ልጁ በቤቱ የሚናገረው ቃል ተጽፏል።